የሌሊት ወፍ ዝንብ

የሌሊት ወፍ ዝንብ በሌሊት ወፍ ገላ ላይ የሚኖርና የእርሷን ደም ብቻ የሚመገብ ጥገኛ ሦስት አጽቄ (ነፍሳት) ነው። ስያሜው አንድን ዝርያ ሳይሆን ኒክተሪቢዴ እና ስትሬብሊዴ የተባሉ ሁለት አስተኔዎችን ያመለክታል። በሁለቱ አስተኔዎች ውስጥ በዓለም ዙሪያ 500 ያህል ዝርያዎች የታወቁ ሲሆን አብዛኞቹ በሐሩር አገሮች ይገኛሉ። ብዙዎቹ ክንፍ ስለሌላቸው በመጀመሪያ ሲታዩ ሸረሪት ወይም መዥገር ይመስላሉ እንጂ ዝንብ አይመስሉም።

ዝንቡ ዕድሜውን በሙሉ ማለት ይቻላል በአስተናጋጁ ላይ ያሳልፋል። እናቲቱ ልጇን የምታኖረው ግን በወፏ ገላ ላይ ሳይሆን ወፏ ቀን በምትውልበት ዋሻ፣ ጣሪያ ወይም የዛፍ ጉድጓድ ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ የዝንቡ ሕልውና በሁለት ነገር ላይ የተመሠረተ ነው፦ በአስተናጋጇ ወፍና በመዋያዋ። የትኛው ዝንብ በየትኛዋ የሌሊት ወፍ ላይ በምን ያህል ብዛት እንደሚገኝ የሚወሰነውም በእነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

ስያሜ

በአማርኛ «የሌሊት ወፍ» ቢባልም እንስሳዋ ወፍ ሳትሆን ልጇን የምታጠባ፣ የምትበር አጥቢ እንስሳ ናት። ኒክተሪቢዴ የሚለው ሳይንሳዊ ስም የመጣው በግሪክኛ የሌሊት ወፍ ማለት ከሆነው «ኒክተሪስ» ነው። ኒክተሪቢያ የተባለውን ወገን መጀመሪያ የሰየመው ፈረንሳዊው የነፍሳት ሊቅ ፒየር አንድሬ ላትሬይ ሲሆን ይህም እ.ኤ.አ. በ1796 ነበር።

ምደባና ዘመዶች

የሌሊት ወፍ ዝንቦች የሚመደቡት ሂፖቦስኮይዲያ በተባለው የዝንቦች ቡድን ውስጥ ነው። ይህ ቡድን ከእነርሱ ሌላ የቆላ ዝንብን (ፄፄን) እና በከብት፣ በፈረስ፣ በበግና በአእዋፍ ላይ የሚለጠፉትን ጠፍጣፋ ዝንቦች ይይዛል። አንዳንድ የቅርብ ጊዜ ምደባዎች ሁለቱን የሌሊት ወፍ ዝንብ አስተኔዎች በጠፍጣፋዎቹ ዝንቦች አስተኔ ሥር ያስገቧቸዋል።

የሌሊት ወፍ ዝንብ ለብዙ ሰው እንግዳ ቢሆንም ዘመዶቹ ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ እንግዳ አይደሉም። ከቡሬ ወደ አባይ ሸለቆ በሚወርደው ቆላ የቆላ ዝንብ ለከብት ገንዲ የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል። በደጋው በበግ ፀጉር ውስጥ የሚኖረውና በሳይንሳዊ ስሙ ሜሎፋገስ ኦቪነስ የሚባለው ክንፍ አልባ ዝንብ ደግሞ በጓን ከማሳከኩና ደሟን ከመምጠጡ ሌላ ቆዳዋን ያበላሻል፤ በዚህም በኢትዮጵያ የቆዳ ንግድ ላይ ጉዳት ከሚያደርሱ ጥገኛ ነፍሳት አንዱ ነው።

እነዚህን ዘመዳሞች አንድ የሚያደርጋቸው ዋና ነገር አራባባቸው ነው። ሁሉም እንቁላል አይጥሉም፤ በአንድ ጊዜ አንድ እጭ ብቻ በማህፀናቸው ይዘው፣ ከልዩ ዕጢ በሚወጣ ወተት መሰል ፈሳሽ መግበው፣ ካደገ በኋላ ይወልዱታል። የሚለያዩት የተወለደውን እጭ በሚያኖሩበት ቦታ ነው።

* የቆላ ዝንብ እጯን ጥላ ባለበት ልል አፈር ላይ ትጥለዋለች፤ እጩም ራሱ ወደ አፈሩ ይገባል።
* የበግ ዝንብ እጯን በበጓ ፀጉር ላይ ታጣብቀዋለች፤ በዚህ ምክንያት በግ ሲሸለት የዝንቡ ቁጥር ይቀንሳል።
* የሌሊት ወፍ ዝንብ እጯን በአብዛኛው በመዋያው ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች።

የሰውነት ቅርጽ

የኒክተሪቢዴ ዝንቦች ሁሉም ክንፍ የላቸውም። ርዝመታቸው ከ1.5 እስከ 5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ደረታቸው ጠፍጣፋ፣ እግሮቻቸው ረጃጅምና ወደ ጎን የተዘረጉ ናቸው። ዓይኖቻቸው በጣም ያነሱ ናቸው፤ ጭራሽ ዓይን የሌላቸውም አሉ። ጭንቅላታቸው ደም በማይመጡበት ጊዜ ወደ ኋላ ታጥፎ በደረታቸው ላይ ባለ ስርጉድ ቦታ ያርፋል፤ ሊመገቡ ሲሉ ወደ ፊት ይዘረጋል።

ከስትሬብሊዴ ዝንቦች መካከል ብዙዎቹ ክንፍ አላቸው፤ የአንዳንዶቹ ክንፍ ግን አጥሯል ወይም ጠፍቷል። በጎን የተጨመቀ፣ እንደ ቁንጫ በፀጉር መካከል የሚሽሎከለክ አካል ያላቸውም አሉ፤ ሌሎቹ ጠፍጣፋ ሆነው በክንፍ ቆዳ ላይ ይኖራሉ።

በሁለቱም አስተኔዎች የእግር ጥፍሮች ጠንካራና ቆልማማ ናቸው። ብዙዎቹ ዝርያዎች በሰውነታቸው ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰደሩ እሾሆች አሏቸው። ጥፍሩም እሾሁም የሌሊት ወፏ ስትበርና ገላዋን ስታጸዳ ዝንቡ እንዳይወድቅ ይረዳሉ። ለዝንቡ ትልቁ ጠላት አስተናጋጇ ራሷ ናት፤ ገላዋን በጥርሷና በእግሯ ጥፍር ስታክ ብዙ ዝንቦችን ትገድላለች።

ከሁሉም የተለየ አኗኗር ያለው በአፍሪካ፣ በእስያና በአውስትራሊያ የሚገኘው አስኮዲፕተሮን የተባለው የስትሬብሊዴ ወገን ነው። ሴቷ አስተናጋጅ ካገኘች በኋላ ቆዳዋን በአፏ ቀድዳ ትገባለች፤ ከዚያ ክንፎቿንና እግሮቿን ትጥላለች። ሰውነቷ አብጦ እንደ ከረጢት ሲሆን ከቆዳው ውጭ የሚታየው የሆዷ ጫፍ ብቻ ነው። ወንዱ ግን ክንፉን እንደያዘ ይኖራል።

አመጋገብ

ወንዱም ሴቷም ደም ብቻ ይመገባሉ። ደም በአንዳንድ ቪታሚኖች፣ በተለይም በቢ ቪታሚኖች፣ ደሃ ስለሆነ ዝንቦቹ ይህን የሚያሟሉላቸውን ባክቴሪያዎች በሰውነታቸው ውስጥ ይይዛሉ። ባክቴሪያዎቹ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋሉ። ዝንቦቹ በየጊዜው ደም ማግኘት ስላለባቸው ከአስተናጋጃቸው ከተለዩ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በላይ አይቆዩም።

አራባብ

ሴቷ ልትወልድ ስትቃረብ ከሌሊት ወፏ ገላ ወርዳ በአቅራቢያው ባለው ግድግዳ ላይ ትሄዳለች። እጩን ወልዳ በሆዷ እየተጫነች ከግድግዳው ጋር ታጣብቀዋለች፤ ወዲያውም ወደ አስተናጋጇ ትመለሳለች። ይህ ከአስተናጋጇ የምትለይበት ጊዜ ለሕይወቷ አደገኛው ነው። አስኮዲፕተሮን ከቆዳ መውጣት ስለማትችል እጯን ካለችበት ወደ ታች ትጥለዋለች።

የተለጠፈው እጭ ብዙም ሳይቆይ ቆዳው ጠንክሮ ጠቆር ያለ ቅርፊት ይሆናል። ይህ የፑፓ ደረጃ ሲሆን እንደ ዝርያውና እንደ ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል። ከቅርፊቱ የሚወጣው ዝንብ በአጭር ጊዜ ውስጥ አስተናጋጅ ማግኘት አለበት። ወፎቹ በዚያን ጊዜ መዋያውን ለቀው ከሄዱ ይሞታል።

በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ስለሚወለድ የሌሊት ወፍ ዝንብ እንደ ቤት ዝንብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በብዙ እጥፍ አይባዛም። በአንጻሩ እጩ ተመግቦና አድጎ ስለሚወለድ ለአካለ መጠን የመድረስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ከአስተናጋጅ ጋር ያለው ዝምድና

የመዋያ ተጽዕኖ

የዝንቦቹ ብዛት ከመዋያው ዓይነት ጋር ይያያዛል። በዋሻና በመሳሰሉት ቋሚና የተከለሉ ቦታዎች የሚውሉ የሌሊት ወፎች በቅጠል ሥር ወይም በየጊዜው በሚለዋወጡ ቦታዎች ከሚውሉት ይበልጥ ዝንብ ይበዛባቸዋል። በቬንዙዌላ በተሰበሰቡ የሌሊት ወፎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ይህንን አሳይቷል። ምክንያቱ ከአራባቡ ጋር የተያያዘ ነው፦ ዛሬ በግድግዳ ላይ የተለጠፈው ፑፓ ከሳምንታት በኋላ ሲፈለፈል ወፎቹ እዚያው ካሉ ዝንቡ ይተርፋል፤ መዋያው ቅጠል ከሆነ ግን ቅጠሉ ይረግፋል፣ ወፏም ሌላ ቦታ ትሄዳለች።

መዋያ ሲባል ዋሻ ብቻ አይደለም። አድሪያን ማርሻል በማሌዥያ ያጠኑት ባሲሊያ ሂስፒዳ የተባለ ዝርያ አስተናጋጆቹ በቀርከሃ አንጓ ውስጥ የሚውሉ ትናንሽ የሌሊት ወፎች ናቸው፤ ፑፓውም በዚያው በቀርከሃው ውስጥ ይገኛል።

የአስተናጋጅ ምርጫ

አብዛኞቹ ዝርያዎች አንድን የሌሊት ወፍ ዝርያ ወይም ጥቂት ተቀራራቢ ዝርያዎችን ብቻ ይመርጣሉ። ብዙ ዓይነት ወፎች በአንድ ዋሻ ሲውሉ እንኳ ዝንቦቹ አይደበላለቁም፤ ከቅርፊቱ የወጣው ዝንብ በአቅራቢያው ካሉት መካከል የራሱን አስተናጋጅ ይፈልጋል። በሌላ በኩል አንዲት የሌሊት ወፍ ከአንድ በላይ የዝንብ ዝርያ ልትሸከም ትችላለች፤ ያን ጊዜ አንዱ በፀጉሯ ውስጥ ሌላው በክንፏ ቆዳ ላይ እየሆኑ ቦታ ይከፋፈላሉ።

በቀድሞ መዝገቦች አንድ ዝንብ በብዙ ዓይነት ወፎች ላይ እንደተገኘ የሚያሳዩ ጽሑፎች ነበሩ። ከእነዚህ የተወሰኑት ከስህተት የመነጩ ናቸው። የተያዙ ወፎች በአንድ ከረጢት ውስጥ አብረው ሲቀመጡ ዝንቦቹ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ስለሚሸሹ መዝገቡ ይዛባል። በፓራጓይ የተሰበሰቡ ናሙናዎችን የመረመሩ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉት መደባለቆች ሲወገዱ ዝንቦቹ ለአስተናጋጃቸው ያላቸው ታማኝነት እጅግ ከፍተኛ እንደሆነ አሳይተዋል። ስለዚህ በዛሬው አሠራር እያንዳንዷ ወፍ ለብቻዋ በንጹሕ ከረጢት ትቀመጣለች።

በአፍሪካና በኢትዮጵያ

ኒክተሪቢዴ በብዛት የሚገኙት በአፍሪካ፣ በእስያና በአውሮፓ ሲሆን ስትሬብሊዴ ደግሞ በብዛት የሚገኙት በደቡብና በመካከለኛው አሜሪካ ነው። በአፍሪካ ሁለቱም አሉ።

በኢትዮጵያ ከ70 በላይ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች ይገኛሉ። ላርገን፣ ኮክ እና ያልደን የተባሉ ተመራማሪዎች በአገሪቱ የሚገኙትን የሌሊት ወፎች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1974 አሳትመዋል። ከእነዚህ መካከል በአፍሪካ በዝንቦቻቸው በደንብ የታወቁ አስተናጋጆች ይገኙበታል።

* የግብፅ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ (ሩሴተስ ኤጂፕቲያከስ)፦ ከፍሬ በሎቹ መካከል በዋሻ በመዋል ትለያለች። ከሰሃራ በስተ ደቡብ የዋና ዝንቧ ስም ዩካምፕሲፖዳ አፍሪካና ነው።
* ገለባ መሳይ ቀለም ያላት ፍሬ በል የሌሊት ወፍ (አይዶሎን ሄልቨም)፦ በረጃጅም ዛፎች ላይ በመንጋ ትውላለች። ሳይክሎፖዲያ ግሪፊ የተባለው ዝንብ የእርሷ ነው።
* ሚኒዮፕተረስ የተባሉት ነፍሳት በል የዋሻ ወፎች፦ የኒክተሪቢያ እና የፔኒሲሊዲያ ወገን ዝንቦችን ያስተናግዳሉ።
* ሪኖሎፈስ የተባሉት፣ አፍንጫቸው የፈረስ ኮቴ የሚመስል ነፍሳት በል ወፎች፦ ከኒክተሪቢዴ ሌላ የስትሬብሊዴ ዝንቦችም ይገኙባቸዋል።

ፍሬ በል የሌሊት ወፎች የዋርካና የሾላ ዘር ሲበትኑ፣ ነፍሳት በሎቹ ደግሞ በሌሊት የሚበሩ ነፍሳትን ይበላሉ፤ ከሚበሉት ውስጥ ሰብል አጥፊዎች ይገኙበታል።

የምርምር ታሪክ

የእነዚህ ዝንቦች ጥናት ከኢትዮጵያ ጋር በአንድ ሰው በኩል ይገናኛል። እንግሊዛዊው የነፍሳት ተመራማሪ ሂዩ ስኮት (እ.ኤ.አ. 1885–1960) በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም የነፍሳት ክፍል ኃላፊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 ስለ ኒክተሪቢዴ ሁለት አዳዲስ ወገኖች፣ በ1925 ደግሞ ስለ ህንድ፣ ሴሎንና በርማ ኒክተሪቢዴ ጽሑፎች አሳትሟል። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1926–27 ከጆሴፍ ኦመር-ኩፐር ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በደጋማው ክፍል እንስሳትንና ነፍሳትን ሰበሰበ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው ጀምጀም ጫካ የተገኘችውን የሌሊት ወፍ ኦልድፊልድ ቶማስ እ.ኤ.አ. በ1927 በስኮት ስም ሚዮቲስ ስኮቲ ብሎ ሰይሟታል። ይህች ወፍ ከኢትዮጵያ ውጭ አትገኝም። ስኮት እ.ኤ.አ. በ1948–49 ወደ ጉጌ ተራሮች፣ በ1952–53 ደግሞ ወደ ሰሜን ተራሮች ተመልሶ ተጉዟል።

የአፍሪካን ኒክተሪቢዴ በሰፊው ያደራጁት በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኦስካር ቴዎዶር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 «የኢትዮጵያ ክልልና የማዳጋስካር ኒክተሪቢዴ»ን፣ በ1967 ደግሞ የሮትሽልድ ስብስብን ዝርዝር አሳትመዋል። እዚህ ላይ «የኢትዮጵያ ክልል» የሚለው አነጋገር አገሪቱን አያመለክትም። ፊሊፕ ስክሌተር እ.ኤ.አ. በ1858 ዓለምን በእንስሳት ሥርጭት ሲከፍል፣ አልፍሬድ ዋላስም በ1876 ሲያስፋፋው፣ ከሰሃራ በስተ ደቡብ ያለውን አፍሪካ በጠቅላላ የጠሩበት ስም ነው። ስለዚህ በቀድሞ ጽሑፍ «የኢትዮጵያ» ተብሎ የተጠቀሰ ዝንብ ሁሉ በኢትዮጵያ ተገኝቷል ማለት አይደለም፤ የተያዘበትን ቦታ ስም ማየት ያስፈልጋል።

የሚሸከሟቸው ተሕዋስያን

የሌሊት ወፍ ዝንቦች ደም ስለሚመጡ ከወፍ ወደ ወፍ ተሕዋስያንን ያስተላልፋሉ። በይበልጥ የታወቀው ፖሊክሮሞፊለስ ነው። ይህ የወባ ተሕዋስ ዘመድ ሲሆን ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ሁሉ እርሱም በኒክተሪቢዴ ዝንቦች ይተላለፋል፤ የሚያጠቃው ግን የሌሊት ወፎችን እንጂ ሰውን አይደለም። ይህ ዝምድና ረጅም ዕድሜ አለው። በዶሚኒካን ሪፐብሊክ በተገኘ፣ ከ20 እስከ 30 ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል ተብሎ በሚገመት እንደ ድንጋይ በጠነከረ የዛፍ ሙጫ ውስጥ አንድ የስትሬብሊዴ ዝንብ የወባ ዘመድ የሆነ ተሕዋስ እንደያዘ ተገኝቷል፤ ግኝቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

በሳይክሎፖዲያ ግሪፊ ውስጥ ባርቶኔላ የተባሉ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል። በደቡብ አፍሪካ ከዩካምፕሲፖዳ አፍሪካና ማህላፒትሲ እና ዎልክበርግ የተባሉ ቫይረሶች ተለይተዋል። ዝንቦቹ ራሳቸውም ጥገኛ አያጡም፤ አርትሮሪንከስ የተባለ ደቃቅ ፈንገስ በኒክተሪቢዴ ገላ ላይ ይበቅላል።

የሌሊት ወፎችና የሰው ጤና

ሰው የእነዚህ ዝንቦች አስተናጋጅ አይደለም። የሌሊት ወፎችን በእጃቸው የሚይዙ ተመራማሪዎች አልፎ አልፎ ሊነከሱ ይችላሉ፤ ዝንቡ ግን በሰው ላይ ተቀምጦ አይኖርም፣ አይራባምም።

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በጂንካ የማርበርግ በሽታ መከሰቱ ከተረጋገጠ ወዲህ የሌሊት ወፎች ጉዳይ የሕዝብ መነጋገሪያ ሆኗል። የማርበርግ ቫይረስ የተፈጥሮ ተሸካሚ የግብፅ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ናት። ቫይረሱ ወደ ሰው የሚሻገረው በዋናነት እነዚህ ወፎች በብዛት በሚውሉባቸው ዋሻዎችና የማዕድን ጉድጓዶች ረጅም ጊዜ በመቆየት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ከታማሚ ሰው ደምና ፈሳሽ ጋር በሚደረግ ንክኪ ይዛመታል። የሌሊት ወፍ ዝንብ ቫይረሱን ወደ ሰው እንደሚያስተላልፍ የተረጋገጠ ነገር የለም።

ወፎቹን መግደል መፍትሔ እንዳልሆነ የኡጋንዳው ኪታካ ማዕድን ማውጫ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2007 ሠራተኞች በማርበርግ ከተያዙ በኋላ በጉድጓዱ የነበሩት ወፎች ተጨፍጭፈው ነበር። በ2012 መልሰው የሰፈሩት ሲመረመሩ ቫይረሱ የተገኘባቸው ወፎች ድርሻ ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። የሚመከረው የሌሊት ወፎች ወደሚውሉበት ዋሻ አለመግባት፣ መግባት ግድ ከሆነም ጓንትና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ፣ የሞተችም ሆነ ሕያው የሆነች ወፍ በባዶ እጅ አለመንካት፣ እንዲሁም ወፍ የቀመሰችውን ፍሬ አለመብላት ነው።

ከሌሎች ነፍሳት ጋር ያለው ልዩነት

በሌሊት ወፍ ላይና በመዋያዋ ሌሎች ጥገኞችም ስለሚገኙ ዝንቡ ከእነርሱ ጋር ይምታታል።

* መዥገር ስምንት እግር ሲኖረው የሌሊት ወፍ ዝንብ እንደ ማንኛውም ነፍሳት ስድስት እግር አለው።
* የሌሊት ወፍ ትኋን የቤት ትኋን ዘመድ ሲሆን በግድግዳ ስንጥቅ ተደብቆ ውሎ ደም ለመምጠጥ ብቻ ወደ ወፏ ይወጣል፤ ዝንቡ ግን በወፏ ላይ ይኖራል።
* ቁንጫ ይዘላል፤ የኒክተሪቢዴ ዝንብ በፀጉር መካከል በፍጥነት ይሮጣል እንጂ አይዘልም።
* በኒው ዚላንድ የሚገኘው ሚስታሲኖቢያ ዜላንዲካ ክንፍ አልባና ከሌሊት ወፍ ጋር የሚኖር ዝንብ ቢሆንም የሚመገበው የወፎቹን ኩስ ነው፤ ደም አይመጥም፣ ከሁለቱ አስተኔዎችም አይደለም።